በአስቴር ድስት ውስጥ የጨመርኩት ዱቄት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ እንዳልናገር ባል የለኝም፤ ለወንድሞቼ እንዳልናገር የደበቅኩት ከእነሱ ነው። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ እንዲህ ያለ ነገር ሲከብዳቸው ወደ ንስሐ አባታቸው ይሄዳሉ። እኛ ጴንጤዎች በቀጥታ ለጌታ ነው የምንናዘዘው፤ ለጌታ ደግሞ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ድሮም ያውቀው ነበር። እኔን ያቃተኝ ለማያውቅ ሰው መናገር ነው። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። እንዳታዝኑልኝ ብቻ አደራ። ሳልጨርስ ማዘን ከጀመራችሁ በኋላ ይቆጫችኋል።

ነገሩ ድንች ነው። ሳቁ፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እስቅ ነበር። ሰው በመሬት ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፣ በባል ይጣላል። እኔ በተደቆሰ ድንች ቀናሁ። ቀናሁ ስላችሁ ትንሽ ከፋኝ ማለቴ አይደለም፤ ምሳ አልበላ እስኪለኝ፣ የሰው ዳና ስሰማ ጥርሴን እስክነክስ ድረስ ቀናሁ።

እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጥርሷ አልቆ ነበር። ቆጮውም ሥጋውም ቀረባት፤ ጉሮሮዋ ለስላሳ ካልሆነ አላሳልፍ አላት። የምትኖረው ሆሳዕና፣ ከእኔ ጋር ነው። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ በምሳ ሰዓት በባጃጅ እየበረርኩ መጥቼ አብልቻት እመለሳለሁ። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እዚያ ሱቅ አለው። የእናታችንን ነገር ስነግረው ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ካርቶን ካርቶን አድርጎ የድንች ዱቄት ላከልን። የፈላ ውኃ ማፍሰስ፣ ማማሰል፣ አለቀ። ለእኔ ከሰማይ የወረደ ነገር ነበር። ካርቶኑ ላይ ነጭ ድንች ከነማንኪያው ተስሏል፤ ሥዕሉን ስታዩት ያስጎመጃል።

እናቴ መጀመሪያ ቀን ቀምሳ፣ «ምንድነው ይሄ? ዱቄት ነው?» አለችኝ።

«ድንች ነው እማዬ።»

«ድንች ከሆነ እሺ» አለችና በላች። ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም። ግማሹን ትበላና «ተመስገን» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ ያንን «ተመስገን» እንደ ምስጋና ቆጥሬው ነበር። ከበቂ በላይ ነው ማለት ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም። በአዘቦት ቀን ዱቄት፣ ለዓመት በዓል ግን እውነተኛ ድንች፤ ይህ የእኔ ሕግ ነበር። በዓል በዱቄት እንደማይከበር እኔም አውቃለሁ። ያኔ ድንቹን ራሴ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ደቁሼ በቅቤ እሠራላታለሁ። ይጓጉላል፣ አንዳንዴም ያርራል፤ ቢሆንም የእጄ ሥራ ነው ብዬ እኮራለሁ።

ከዚያ አስቴር መጣች።

አስቴር የታናሽ ወንድሜ የታምራት ሚስት ናት፤ የዶዮገና ልጅ። ሲጋቡ ቤት እስኪያገኙ ብለው እኛ ግቢ ሰርቪሱ ውስጥ ገቡ። ከአባቷ እርሻ አንድ ጆንያ ድንች ይዛ ነው የመጣችው። በመጣች በማግሥቱ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ለእናቴ ምሳ ሠራችላት። ስደርስ እናቴ ቁጭ ብላ ሳህኑን በማንኪያ እየጠረገች ነበር። ቁጭ ብላ! እኔ ሳበላት ተደግፋ ነው የምትበላው።

በኋላ አሠራሯን ቆሜ አየሁት። ድንቹን ከነልጣጩ ትቀቅለዋለች፤ ትኩሱን፣ እጇ እየተቃጠለ፣ ጣቷን እፍ እፍ እያለች ትልጠዋለች። ሲቀዘቅዝ ከተላጠ ይጓጉላል አለችኝ፤ እኔም እሺ አልኳትና በልቤ ማን ጠየቀሽ አልኩ። በዘነዘና እየደቆሰች የሞቀ ወተት ጠብ ጠብ ታደርግበታለች። መጨረሻ ላይ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ አፍስሳ ትለውሰዋለች። ጉልበትና ጊዜ ነው እንጂ ምንም ምሥጢር የለበትም። እኔ ደግሞ ሁለቱም አልነበሩኝም፤ ወይም እንደሌሉኝ ለራሴ እነግረው ነበር።

እናቴ ወፈረች። ጉንጯ ሞላ። አስቴር ሀዲይኛውን በከምባትኛ ቅላፄ ስትሰባብረው እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። በእኔ ቀልድ መቼ ስቃ ታውቃለች? ከሥራ ስመለስ ደህና ዋልሽ ከማለቷ በፊት «አስቴር የት ሄደች?» ትለኛለች። ይህችን ጥያቄ ነው ያልቻልኳት። እናቴን ስጠብቅ ከፎንቆ የመጣልኝን ባል መልሻለሁ። ጓደኞቼ ሲድሩና ሲዳሩ እኔ እናቴን ሳገላብጥ ነው ያለፈው። ይቺ ትናንት የመጣች ልጅ በአንድ ጆንያ ድንች ወሰደቻት? ልጅቷ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ብትናገረኝ ደስ ባለኝ። አትናገርም። «እትዬ አበቡ፣ ደክሞሻል፣ አረፍ በይ» ትለኛለች። ደግነቷ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

መስቀል ደረሰ። ጴንጤም ብንሆን በእኛ አገር መስቀል መስቀል ነው፤ ዘመድ ካለበት ተጠራርቶ የሚገናኘው ያኔ ነው። አስቴር የሰፈሩ ሴቶች ዊጆ ውስጥ ገብታ ነበር። ዊጆ ሴቶች ቅቤ እያዋጡ በየተራ ለአንዷ የሚሰጡበት ማኅበር ነው፤ ተራው ለመስቀል የደረሳት ሴት እንደ ዕድለኛ ትቆጠራለች። አስቴር ሙሽራ ናት ብለው ሴቶቹ ተራውን ለእሷ ለቀቁላት። ያን ሁሉ ቅቤ ሌላ ሴት ብትሆን ለገዛ ጓዳዋ ታስቀምጠዋለች። እሷ ምርጥ ምርጡን ለእናቴ ድንች አዋለችው።

አሁን ደግሞ የቤታችንን ወግ ማወቅ አለባችሁ። በመስቀል ቀን እናት የመጀመሪያውን ጉርሻ ከምራቷ እጅ ትቀበልና በዘመድ ፊት ትመርቃታለች። ያ ምርቃት ለሙሽራ ከቀለበቱ አያንስም፤ ከዚያ በኋላ ነው የቤቱ ልጅ የምትባለው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ቤታችን ምራት ስላልነበረ የምታጎርሰው እኔ ነበርኩ። የሚመረቀውም የእኔ እጅ ነበር። በዚያ መስቀል ግን ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ደህና ነሽ ወይ ሳይለኝ፣ ቦታዬ ለአስቴር ተላለፈ። ወግ ነው፤ ማንን ልክሰስ?

በበዓሉ ቀን ረፋዱ ላይ ከፎንቆና ከሀቢቾ ዘመዶች መግባት ጀመሩ። አስቴር ድንቹን ደቁሳ፣ ቅቤውን ለውሳ፣ ድስቱን ዳር ላይ አስቀምጣ ልብስ ልትቀይር ተነሣች። «እትዬ አበቡ፣ እስክመጣ ድስቱን እዪልኝ» አለችኝ። እዪልኝ አለችኝ። ሌላ ሰው ጠፍቶ ለእኔ አደራ ሰጠችኝ።

ጓዳ ገብቼ የቀረውን ካርቶን አወጣሁ። ያሰብኩበት ነገር ነበር ወይስ ድንገት የመጣብኝ? ድንገት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ካርቶኑን ግን ከማለዳው ጀምሮ ከመደርደሪያው አውርጄ ከእህል ማዳበሪያው ጀርባ አስቀምጬው ነበር፤ ድንገት የመጣ ነገር እንዲህ አያደርግም። ዱቄቱን ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት። የፈላ ውኃ ጨመርኩ፣ አማሰልኩ። ቅቤው እየሸሸ ወደ ላይ ወጣ፤ ያ ለስላሳ ድንች ማንኪያ የሚያቆም ሙጫ ሆነ። ባዶውን ካርቶን ደግሞ ማድቤት ውስጥ ከከሰል ጆንያው ጀርባ ሸጎጥኩት። ጫፉ እንዲታይ አድርጌ። ልብ በሉ፤ እንዲጠፋ አይደለም የሸጎጥኩት፣ እንዲገኝ ነው።

አስቴር ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ በጥድፊያ ልብ ሳትለው ከድስቱ ቀድታ፣ እናቴ ፊት ተንበረከከች። ዘመድ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። አጎረሰቻት። እናቴ አላመጠች፤ ከዚያ አፏ ቆመ። ቀና ብላ አየች። አስቴርን አይደለም ያየችው። እኔን ነው። ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዋጠችና በእጇ ሳህኑን ገፋ አድርጋ «በቃኝ» አለች። ምርቃት የለም። ምንም የለም። በቃኝ ብቻ።

ከሰል ልታመጣ የወጣችው አክስቴ ዘነበች ካርቶኑን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ተመለሰች። «እናንተ! ለመስቀል ዱቄት? ምራታችን በካርቶን ነው እንዴ የምታበላን?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስቴር ከድስቱ በጣቷ ቀመሰች፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «አባቴ ድንች እያመረተ እኔ ምን ሆኜ ዱቄት አመጣለሁ?»

«አስቴር፣ ተይ፣ በእንግዳ ፊት» አላት ታምራት። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ አፍሮ ነው።

በዚህ ጊዜ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ተዉአት፣ ልጅ ናት፤ ደክሟት ይሆናል» አልኩ። ጠበቃ ሆንኩላት። ዱቄቱን የጨመርኩት እኔ፣ ካርቶኑን የሸጎጥኩት እኔ፣ አዛኝ መስዬ ፊቷን በነጠላዬ የጠረግኩላትም እኔ። እሷ አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ የእኔ ልብ ቅቤ ጠጣ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ብዙ ነገር ብዬ ልሸፋፍነው እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቴር በዘመድ መካከል «ካርቶኗ» ተባለች። ሠርግ ላይ፣ ልደት ላይ፣ ሳህን ይዛ ብቅ ስትል አንዷ ታነሣዋለች፤ «ካርቶኗ መጣች፣ ውኃ አፍሉ!» ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናቴም ከአስቴር እጅ መብላት አቆመች። ልጅቷ በእንባ ብትለምናት «አበቡ ትስጠኝ» ትላታለች። ትንሽ ቆይተው ታምራት ዶዮገና ማስተማር ጀመረና ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። እናቴ ለእኔ ቀረች። በየምሳው ደሳለኝ እንደገና የላከውን ዱቄት እበጠብጥላታለሁ፤ እሷም እስከ መጨረሻው ትበላዋለች። «ተመስገን» ማለቷን ግን ተወች። ፊቷንም ወደ ግድግዳ አታዞርም፤ እስክትጨርስ እኔን እያየች ትበላለች። አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ቅጣት መሆኑ አልገባኝም፤ ለማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ቀላሉ ነው። በድስት ዱቄት መጨመር ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሳቅ አድርጌ አወራው ነበር። የባሰው ከዚህ በኋላ ነው።

እናቴ አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰጂያት አለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው በዝናብ እየተንጫጫ ሳለ ጠጋ በይ አለችኝና እንዲህ አለች፤ «ዱቄቱ ያንቺ ነበር።»

ብርድ ልብሷን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ስንቴ አብልተሽኛል፣ ጣዕሙን አጣዋለሁ? እሷ ከየት ታመጣዋለች?»

«እማዬ፣ ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ልጄ ነሽ። በዘመድ ፊት እንዴት ላዋርድሽ? ያንቺን ነውር ልሸፍን ብዬ የሰው ልጅ በደልኩ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ከእጇ ልብላ?» ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየችና «ጥሪልኝ። አስቴርን ጥሪልኝ። ሳልሄድ ይቅር በይኝ ልበላት። ድንቿንም ልቅመስ» አለች።

ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ዶዮገና ሩቅ አገር አይደለም፤ ብደውልላት ያን ዕለት ሚኒባስ ይዛ ትደርስ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት የመጨረሻዋን ቃል ነው። ድንቿንም ልቅመስ። ይህን ሁሉ ዓመት አብልቼሽ፣ አጥቤሽ፣ አገላብጬሽ፣ ስትሞቺ እንኳ የምትመኚው የእሷን እጅ ነው? ቅናቱ እንደ አዲስ ተነሣ። የምትሞት እናቴን እያየሁ ቀናሁ። «እሺ እማዬ» አልኳት። አልደወልኩም።

በማግሥቱ «መጣች?» አለችኝ። «ደውዬላት ነበር፤ አይመቸኝም አለች» አልኳት።

ይህን ነው ለማንም ያልተናገርኩት። አንዴ በሐሰት የከሰስኳትን ልጅ እናቴ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ስትጠይቀኝ ደግሜ ከሰስኳት። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ተቆጣች ብዬ ነበር። «ቢከፋት እውነቷን ነው» አለች። «እንግዲያው አንቺ አድርሺላት።» ከዚያ ለመስቀል ያልሰጠቻትን ምርቃት፣ ስሟን እየጠራች፣ በዚያ በደከመ ድምጿ በእኔ አፍ ላይ አኖረችው። አሜን አልኩ። ተቀብዬላት አሜን አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።

አስቴር ለቀብር መጣች። ከሁላችንም በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት። ሰው ሲበተን ከጎኔ ተቀምጣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤ «እትዬ አበቡ፣ እማማ ስለ እኔ ምንም አላሉም?»

«አላለችም» አልኳት።

ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ተነሣችና ዕቃ ልታጥብ ወደ ማድቤት ገባች።

ከዚያ ወዲህ ድንች በደረሰ ቁጥር ከዶዮገና አንድ ጆንያ ይመጣልኛል። «ለእትዬ አበቡ» ብላ ለሾፌር ሰጥታ ነው የምትልከው። ልብላው ወይስ ልጣለው? እበላዋለሁ። ትኩሱን ስልጥ ጣቴ ይቃጠላል፣ እንዳለችውም አይጓጉልም፤ ሆኖም እንደ እሷ አይሆንልኝም። እናንተ አሁን ተጸጽታ ተለውጣለች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልተለወጥኩም። ዛሬም ቅቤው ድንቹ ውስጥ ሲገባ እናቴ ለእሷ የሳቀችው ሳቅ ትዝ ይለኛል፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። ቅናቱ ሲለቀኝ እናገራለሁ እያልኩ ነው እስካሁን የቆየሁት። አይለቀኝም። ከነቅናቴ መናገር እንዳለብኝ የገባኝ ባለፈው መስቀል ነው።

የአስቴር ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ባለፈው መስቀል ከዘመድ ልጆች ጋር ስትጫወት ቆይታ ሮጣ መጣችና በሰው ሁሉ ፊት «እማ፣ ካርቶኗ ማን ናት?» አለቻት። አስቴር ሳህን እያቀበለች ነበር። «እኔ ነኝ» አለቻት፤ ሳህኑንም ለቀጣዩ ሰው አቀበለች።

እኔ ነኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፌ ውስጥ ነበረ። ውኃ ጠጣሁበት።

ዘንድሮ ለመስቀል ይመጣሉ። ምግብ ሳይቀርብ፣ አክስቴ ዘነበችም ሌላውም ባለበት፣ ልጅቷም በምትሰማበት እናገራለሁ። ካርቶኗ እኔ ነኝ እላለሁ። አይመቸኝም አላለችም፣ አልደወልኩላትም እላለሁ። ይቅር በይኝ ግን አልላትም። ይቅር ማለት ልማዷ ነው፤ ገና ሳልጨርስ ይቅር ትለኝና እኔ ቀለል ይለኛል፣ የእሷ ግን ባለበት ይቀራል። ለእኔ ሊቀለኝ አይገባም። አንድ ነገር ብቻ አስረክባታለሁ፤ ይህን ሁሉ ዓመት የያዝኩባትን። ምናልባት ያን ቀን ፈርቼ ምላሴ ቢታሰር እንኳ ማምለጫ እንዳይኖረኝ ለእናንተ አስቀድሜ እነግራችኋለሁ። እናቴ ያለችው ይህ ነው፤

«አስቴር ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ያበላሽው አይራብ። ሳልመርቅሽ የቀረሁት ጠልቼሽ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ስታረጂ ልጆችሽ ትኩሱን ልጠው ያጉርሱሽ።»